ከፋሲካ በፊት ይከፈታል

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሠራ ሰው የ2014ን ታኅሣሥ አይረሳም። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የምታስወጣበት ቀን ታኅሣሥ 23 ተብሎ ተቆርጦ ነበር። አጎዋ ማለት እኛ የምንሰፋው ሸሚዝና ሱሪ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባበት የነበረ ሕግ ነው። እሱ ሲቀር ትዕዛዝ ቀነሰ። ትዕዛዝ ሲቀንስ የስፌት መስመሮች አንድ በአንድ ታጠፉ። እኔ በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ነበርኩ። የስንብት ደብዳቤ የሚወጣው ከእኔ ጠረጴዛ ነው።

ከተቀነሱት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። አንድ ክፍል ለሦስት፣ ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። ከዚያችው ደመወዝ ላይ ለቤተሰብ ይልካሉ፣ እቁብ ይጥላሉ። የስንብት ክፍያውን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት አሰላን። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ምክንያቱ የሠራተኛ ቅነሳ ሲሆን ደግሞ የ60 ቀን ይታከላል። ሦስት ዓመት ለሠራች ልጅ የ110 ቀን ደመወዝ ማለት ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይዘው አያውቁም። በደንብ ከተያዘ አዲስ ኑሮ ያስጀምራል። ቁጭ ብለው ከበሉት ግን ያልቃል።

ከካፍቴሪያው ጀርባ የምሳ ሰዓት ጸሎት ነበረን። እኔም እሄድ ነበር። ቅነሳው በተወራ ሰሞን ከመቁረጫ ክፍል አንድ ወጣት ተነሥቶ “ቃል መጣልኝ” አለ። “ከፋሲካ በፊት ይህ ቦታ በእጥፍ ይከፈታል! ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ። ሌላ ሥራ የሚፈልግ ጌታን አላመነም ማለት ነው” አለ። አሜን ተባለ፣ እልል ተባለ፣ ያለቀሱም ነበሩ። ልጁ ለማታለል የተናገረ አይመስለኝም። እሱ ራሱ ከሚቀነሱት አንዱ ነበር።

ኮሌታ የምትሰፋ አንዲት ልጅ ነበረች። “ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ” የሚለውን ጥቅስ፣ ኤርምያስ 29፥11ን፣ በእጇ ጽፋ ማሽኗ ላይ ለጥፋለች። በዚያው ሰሞን አቶቴ አካባቢ የሆቴልና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፋ ሰው “እጇን የፈታች ልጅ ካለች ላክልኝ” ብሎ ደወለልኝ። ለጥቂቶቹ ነገርኳቸው። የሄዱም አሉ። የኮሌታዋ ልጅ ግን “ጋሼ፣ ይቅርብኝ። ቃሉ ቢያመልጠኝስ?” አለችኝ። የሄዱትን “የማያምኑ” ይሏቸው እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ጥራት የምትቆጣጠር አንዲት ጠና ያለች እህት አለችን። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር የምታውቅ ሴት ናት። ጉዳዩን ሳጫውታት በማግስቱ የምሳ ሰዓት ጸሎት ላይ ተነሣች። “ያቺን የምትወዷትን ጥቅስ ላንብብላችሁ፤ ግን ከ28ኛው ምዕራፍ ልጀምር” አለች።

እዚያ ላይ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ። በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ “በሁለት ዓመት ውስጥ የባቢሎን ቀንበር ይሰበራል፣ የተማረኩት ይመለሳሉ” ይላል። በኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውንም ቀንበር ወስዶ ይሰብረዋል። ኤርምያስ ራሱ ትንቢቱን ሲሰማ “አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ” ነው ያለው። የወገኑን መመለስ ማን ይጠላል? በኋላ ግን እግዚአብሔር እንዳልላከው፣ ሕዝቡንም በሐሰት እንዲታመን እንዳደረገ ነገረው። ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ።

ደብዳቤው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኤርምያስ ለምርኮኞቹ የጻፈው “ቤት ሥሩ፣ ተክሉና ፍሬውን ብሉ፣ አግቡ፣ ውለዱ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ” ብሎ ነው። ቁጥር 10 ላይ ሰባ ዓመት ይላል። ሁላችንም የምንወዳት ቁጥር 11 እሱን ተከትላ ነው የምትመጣው። ሰባ ዓመት ማለት ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት ጎልማሶች ብዙዎቹ አገራቸውን ሳያዩ ያልፋሉ ማለት ነው። እግዚአብሔር የሰጣቸው ተስፋ እውነት ነበር። የሚጠበቀው ግን እየሠሩ፣ እየዘሩ፣ ልጅ እያሳደጉ ነው። “እንዳትነቃነቁ” ያለው ሐናንያ እንኳ አይደለም፤ ያንን የጨመርነው እኛ ነን።

ጸጥታ ሆነ። ከዚያ አንዷ “እትዬ፣ እምነታችንን እያዳከምሽ ነው። ጌታ የሚሳነው አለ እንዴ?” አለቻት።

“የሚሳነውስ የለም” አለች። “ግን የሚችለውን ሁሉ አደርጋለሁ ብሏል?”

ጥቂቶች ሰሟት። ብዙዎቹ አልሰሟትም። መስማት የሚፈልጉት ሌላ ነበር፤ አልፈርድባቸውም።

ፋሲካ ሚያዝያ 16 ነበር። መስመሮቹ አልተከፈቱም። ቀኑ ወደ ጰንጠቆስጤ ተሸጋገረ። ያም አለፈ። የወጣቱም ስልክ ከዚያ ወዲህ አይሠራም።

ሰኔ ላይ የኮሌታዋ ልጅ የሥራ ልምድ ማስረጃ ልትወስድ መጣች። ከስታለች። ገንዘቡ በኪራይና በምግብ አልቆ የሁለት ወር ኪራይ ዕዳ አለባት። ወረቀቷን እየሞላሁ “ጸሎት እንዴት ነው?” አልኳት። “ትቻለሁ” አለች። “ለሌላው ይሠራል፤ እኔን ግን ዋሸኝ።”

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ገንዘብ ይተካል። ያቺ ልጅ ግን እግዚአብሔርን ባልፈረመው ውል ከሳ፣ ፈርዳበት ነበር። ውሉን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ስሙን የተዋሰው ግን ከእሱ ነው። ሲፈርስ ተጠያቂው ማን ሆነ? አንድ ምስኪን ሰው ላይ “ጌታ እንዲህ ብሎሻል” ብሎ ቀን ቆርጦ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። በተለይ የሚሰማው ሰው ሌላ የሚይዘው ነገር በሌለበት ሰዓት ሲሆን።

“ዋሸኝ የምትዪበትን ቃል እሱ አላለውም” አልኳት።

“ታዲያ እሱ ምን ብሎኛል?”

በዓለም ሳላችሁ መከራ አለባችሁ ብሏል አልኳት። እስከ ዓለም ፍጻሜ ከእናንተ ጋር ነኝ ብሏል። የሞቱት ይነሣሉ ብሏል፤ እሱም ተነሥቷል።

“ይሄ ኪራይ አይከፍልም” አለች።

“አይከፍልም። ኪራዩ በሥራ ነው የሚከፈለው” አልኳትና እሷ እንደተቀመጠች አቶቴ ደወልኩ። ሰውየው ለጊዜው ቦታ እንደሌለው ነገረኝ። ሐምሌ ላይ የተማሪዎች ዩኒፎርም ሲጀመር ግን እንደሚፈልጋት አረጋገጠልኝ። እስከዚያ ጥራት ተቆጣጣሪዋ ቤቷ አስጠጋቻት። ዕዳውንም ከጸሎት ቡድኑ አዋጥተን ከፈልን።

ሐምሌ ላይ ሥራ ጀመረች። ወደ ጸሎት ለመመለስ ግን ከዚያ ብዙ የረዘመ ጊዜ ወሰደባት።