ከጄኔቫ ወደ ሊዮን፦ የማስረጃ ጥንካሬና የጉዳት መጠን በአንድ አንቀጽ

ከጄኔቫ ኮርናቫን ጣቢያ ወደ ሊዮን የሚሄደው ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ የፈረንሳይን ድንበር ይሻገርና፣ ተራሮች ግራና ቀኝ ባጠበቡት ሸለቆ ውስጥ የሮን ወንዝን እየተከተለ ይወርዳል። የምሠራው በአንድ ዓለም አቀፍ የሕዝብ ጤና ተቋም የሳይንስ ተግባቦት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ድርሻዬ ሳይንቲስቶች የደረሱበትን ነገር ለጋዜጠኞች፣ ለጤና ባለሥልጣናትና ለማንኛውም አንባቢ እንዲገባ አድርጎ ማዘጋጀት ነው። ወደ ሊዮን ያመራሁትም አንድ ነገር ካንሰር ያመጣል ተብሎ ሲመደብ ከውሳኔው ጋር ለሕዝብ የሚወጣው የጥያቄና መልስ ጽሑፍ እንዴት ቢደራጅ እንደሚሻል በዚያ ካሉ ባለሙያዎች ጋር ለመምከር ነበር።

በባቡሩ ውስጥ ለክፍላችን የተላኩ የቆዩ ደብዳቤዎችን ሳገላብጥ ቆየሁ። ከመካከላቸው አንዲት እናት የጻፉት ከሁሉም ይልቅ ያዘኝ። የተቀነባበረ ሥጋ ከትምባሆ ጋር በአንድ ምድብ መግባቱን በዜና ሰምተው፣ «ለልጆቼ ጠዋት ጠዋት ቋሊማ እሰጣቸው ነበር፤ በገዛ እጄ ካንሰር አብልቻቸዋለሁ ማለት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እኒህ እናት የሰሙት ዜና ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን የሰሙት ግማሹን ብቻ ነው፤ ያልደረሳቸውን ሌላውን ግማሽ ማድረስ ደግሞ የእኔና የባልደረቦቼ ኃላፊነት ነው።

ሊዮን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ መቀመጫ ናት። ኤጀንሲው የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ የካንሰር ተቋም ሆኖ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1965 በዓለም ጤና ጉባኤ ውሳኔ የተቋቋመ ሲሆን፣ መሥራች አገሮቹም ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ብሪታንያና አሜሪካ ነበሩ። ለብዙ ዓመታት ከሠራበት ከፍ ያለ ሕንፃ ወጥቶ አሁን የሚገኘው በከተማዋ ደቡብ፣ ገርላንድ በሚባለው ሠፈር ነው። ከባቡር ጣቢያው በሜትሮ ደርሼ ወደ ግቢው በእግሬ ሳመራ በስተቀኝ ግዙፉን የቶኒ ጋርኒዬ አዳራሽ አየሁት። ዛሬ ኮንሰርት የሚቀርብበት ይህ አዳራሽ ሲሠራ የከብት ገበያና የቄራ አካል እንዲሆን ታስቦ ነበር። ከጣሪያው በታች አንድም ምሰሶ ሳይቆም ያን ያህል ስፋት መሸፈኑ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ስለ ሥጋና ስለ ካንሰር ከተነገሩት ውሳኔዎች ሁሉ እጅግ ያነጋገረው በወጣበት ከተማ፣ ተቋሙ ከአሮጌ ቄራ አጠገብ መስፈሩ እግረ መንገዴን ሳልመዘግበው የማላልፈው ነገር ሆነብኝ።

የኤጀንሲው የምደባ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን እስካሁን ከ1,000 በላይ ኬሚካሎች፣ የሥራ ሁኔታዎች፣ ተሕዋስያንና ልማዶች ተገምግመዋል። ከየአገሩ የተመረጡና የጥቅም ግጭት እንደሌለባቸው የተጣራ ባለሙያዎች ለስምንት ቀናት ያህል ተሰብስበው የታተሙ ጥናቶችን ይመረምራሉ። የኢንዱስትሪ ተወካዮች በታዛቢነት ሊገኙ ይችላሉ፤ ውሳኔው ላይ ግን ድምፅ የላቸውም። ምድብ 1 ማለት በሰው ላይ ካንሰር ለማምጣቱ በቂ ማስረጃ አለ ማለት ነው። ምድብ 2ኤ ምናልባትነቱ የጎላ፣ 2ቢ ደግሞ ሊሆን ይችላል ከሚባለው የማያልፍ፣ ምድብ 3 ለመመደብ የሚያበቃ ማስረጃ ያልተገኘለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚስተው ነገር አለ፤ ምድቡ የሚለካው የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የጉዳቱን መጠን አይደለም። የፀሐይ ጨረር፣ ፕሉቶኒየም፣ አልኮልና ትምባሆ ሁሉም በምድብ 1 ውስጥ አሉ፤ ይህም ሁሉም እኩል ሰው ይገድላሉ ማለት አይደለም።

በስብሰባ ክፍሉ የተቀበሉኝ በኤፒዲሚዮሎጂ፣ ማለትም በሽታ በሕዝብ መካከል እንዴትና ለምን እንደሚሰራጭ በሚያጠናው ሙያ፣ ረጅም ዘመን የሠሩ አንዲት ሴት ሳይንቲስት ነበሩ። የእ.ኤ.አ. የጥቅምት 2015ን ጋዜጣዊ መግለጫ በትልቁ ስክሪን ላይ አውጥተው ከላይ ወደ ታች አብረን አነበብነው። ከ10 አገሮች የተውጣጡ 22 ባለሙያዎች ከ800 በላይ ጥናቶችን መርምረው፣ የተቀነባበረ ሥጋን በምድብ 1፣ ቀይ ሥጋን በምድብ 2ኤ እንዳስቀመጡ ይናገራል። በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ መብላት የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ያህል እንደሚጨምር፣ ለአንድ ሰው ግን የሚደርሰው ዕድል አነስተኛ ሆኖ እንደሚቆይም ተጽፏል።

«እንግዲህ ይመልከቱ፤ ሁሉም ነገር በውስጡ ተጽፎ ነበር» አሉኝ በጣታቸው ወደታችኛው አንቀጽ እያመለከቱ። «ነገር ግን ጋዜጠኛው ርዕሱን የሚያወጣው ከዚህ በላይ ካለው ነው።»

«የ18 በመቶውስ ነገር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ከምን ላይ 18 እንደሚጨመር ካልተነገረ አንባቢው ከ100 ሰው 18ቱ በካንሰር ይያዛሉ ብሎ ነው የሚረዳው።»

ሳይንቲስቷ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁና በነጭ ሰሌዳው ላይ ረድፍ በረድፍ 100 ትንንሽ ክቦች መሣል ጀመሩ። ለምሳሌ ያህል ከ100 ሰዎች መካከል 5ቱ በዕድሜያቸው በዚህ ካንሰር ይያዛሉ ብንል፣ መቶዎቹም በየቀኑ ያን 50 ግራም ቢበሉ ቁጥሩ ወደ 6 ይጠጋል። አምስቱን ክቦች በሰማያዊ ቀለም ሞሉ፤ ስድስተኛውን በቀይ። ያን ቀይ ክብ ሳይ የደብዳቤዋ እናት ይህን ሰሌዳ ቢያዩት ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። ክቡ ባዶ አይደለም፤ አንድ ሰው ነው፣ በሚሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ ውስጥ ደግሞ እጅግ ብዙ ሰው ይሆናል። ቢሆንም ለአንዲት እናት ጥያቄ የሚሰጠው መልስና ለአንድ አገር የጤና ፖሊሲ የሚሰጠው መልስ ከአንዱ ሥዕል ላይ በግልጽ ይነበባል።

በዚያን ጊዜ ከወጣው የጥያቄና መልስ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ሌላ ንጽጽርም አለ። የተቀነባበረ ሥጋ ከሚበዛበት አመጋገብ ጋር ተያይዘው በዓለም ዙሪያ በዓመት 34,000 ያህል ሰዎች በካንሰር እንደሚሞቱ ተገምቷል፤ በትምባሆ ምክንያት በካንሰር የሚሞቱት አንድ ሚሊዮን፣ በአልኮል ምክንያት የሚሞቱት 600,000 ያህል ናቸው። ይህ ዓረፍተ ነገር በርዕሱ ሥር ቢቀመጥ ኖሮ «ቋሊማ እንደ ሲጋራ» የሚለው ዜና ያን ያህል ባልተራባ ነበር ብዬ አምናለሁ። ምደባው ይፋ በሆነ በሦስተኛው ቀን የዓለም ጤና ድርጅት፣ ውሳኔው ሰዎች የተቀነባበረ ሥጋ መብላትን ጨርሰው እንዲያቆሙ የሚጠይቅ አለመሆኑን የሚገልጽ ማብራሪያ አወጣ። ማብራሪያው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ዘግይቶ የሚመጣ ማብራሪያ ቀድሞ የሄደውን ድንጋጤ አይደርስበትም።

ቡናም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 ከፊኛ ካንሰር ጋር በተያያዘ በ2ቢ ተመድቦ ነበር፤ በ2016 ማስረጃው እንደገና ሲመረመር ወደ ምድብ 3 ተዛወረ። በዚያው ስብሰባ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ የሚጠጣ ማንኛውም በጣም ትኩስ መጠጥ ከጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ጋር በተያያዘ በ2ኤ ተመደበ።

ከሰዓት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የወሰደብን ግን በስኳር ምትክ የሚገባው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ፣ የአስፓርቴም ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ለእኔ ጄኔቫና ሊዮን በአንድ ወረቀት ላይ የተገናኙት በእርሱ ነው። በሊዮን የሚጠየቀው «ይህ ነገር ካንሰር ማምጣት ይችላልን?» የሚለው ነው። «በስንት መጠን፣ በስንት ሰው ላይ?» የሚለውን የሚመልሰው ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ የምግብ ተጨማሪዎች ባለሙያዎች ኮሚቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሁለቱም ማጣፈጫውን በተቀራራቢ ጊዜ መረመሩ። የሊዮኑ ቡድን ከጉበት ካንሰር ጋር በተያያዘ ያለው ማስረጃ ውስን ነው በማለት በ2ቢ መደበው፤ ኮሚቴው በበኩሉ ቀድሞ የነበረውን የቀን ገደብ፣ ማለትም በኪሎግራም የሰውነት ክብደት 40 ሚሊግራም፣ ለመለወጥ የሚያበቃ ምክንያት አላገኘም። ውሳኔዎቹ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 በአንድ መግለጫ፣ በአንድ ጊዜ ወጡ። 70 ኪሎግራም የሚመዝን አዋቂ ገደቡን ለማለፍ፣ ከሌላ ምግብ አስፓርቴም አይወስድም ቢባል፣ አስፓርቴም የገባበት ለስላሳ መጠጥ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ በላይ መጠጣት እንደሚኖርበትም አብሮ ተገለጸ። የምደባው ወሬ ከሁለት ሳምንት በፊት ሾልኮ ወጥቶ ስለነበር ግርግሩ ፈጽሞ አልቀረም። ሆኖም በዕለቱ የተጻፉትን ዘገባዎች ከ2015ቱ ጋር ጎን ለጎን ስናነብ፣ የመጠኑ ነገር በብዙዎቹ መግቢያ አንቀጽ ውስጥ ገብቶ አገኘነው።

እዚህ ላይ ሳይንቲስቷ በጽኑ የተናገሩት ነገር ነበር። ሕዝብን ለማረጋጋት ስንጽፍ ትምባሆንና አልኮልን የሚያቃልል ቃና እንዳይሰማብን አጥብቀው አሳሰቡኝ። አልኮል በምድብ 1 የገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ነገር ግን ከጡት ካንሰር ጋር ያለውን ግንኙነት ጭራሽ ያልሰማ አንባቢ ብዙ ነው። አዲስ የተመደበ ነገር ሁሉ የሰውን ጆሮ ሲይዝ የቆየው ገዳይ ይረሳል። ኤጀንሲው ባወጣው ግምት በ2022 ብቻ 20 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አዲስ በካንሰር ተይዘዋል፤ 9.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ደግሞ በካንሰር ሞተዋል። ስለዚህ «አትስጉ» ብሎ መጻፍ ያለ ልክ ከማስፈራራት የማይተናነስ ጥፋት ነው የሚለውን ሐሳባቸውን ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ። ሰው የሚገባው ስጋቱን በልኩ የሚያስቀምጥበት ቁጥር ነው።

ከመለያየታችን በፊት አዲሱን ቅርጽ ተስማምተን ጻፍን። የመጀመሪያው አንቀጽ ምድቡን፣ የተመረመረውን የመጠን ልክና ከ100 ሰዎች ውስጥ የሚጨመረውን ቁጥር አንድ ላይ ይይዛል፤ የመቶኛ ጭማሪ ከመነሻው ቁጥር ተነጥሎ በየትም ቦታ አይጻፍም። የ100ዎቹ ክቦች ሥዕል ከመግለጫው ጋር ለጋዜጠኞች ይላካል። «እስካሁን የወሰድኩት ይጎዳኛልን?» የሚለው ጥያቄ፣ ከዚህ ቀደም ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆኖ የኖረው፣ ሦስተኛ ላይ ወጣ። ረቂቁን በመመለሻው ባቡር ላይ ካጸዳሁት በኋላ ለሊዮን ባልደረቦቼ ላክሁ፤ የቁጥሮቹን ትክክለኛነት የሚያረጋግጡት እነርሱ ሲሆኑ፣ ጽሑፉን ከሳይንስ ውጪ ላሉ አንባቢዎች አቅርቦ የተረዱትን በራሳቸው አነጋገር መልሰው እንዲነግሩን የማድረጉ ሥራ ደግሞ የእኛ ክፍል ሆኗል።