በጠዋት ማን ያድርሰኝ?

የምሠራው ለፓርኪንሰን ሕመም ምርምር ገንዘብ በሚሰጥ ተቋም ውስጥ ነው። ፓርኪንሰን የአንጎል ነርቭ ሴሎች ቀስ በቀስ እየሞቱ እንቅስቃሴን የሚያውክ ሕመም ነው። ተመራማሪዎች የሚልኩትን ፕሮፖዛል ተቀብዬ ለገምጋሚ ኮሚቴ አቀርባለሁ። ኮሚቴው ውስጥ ከሳይንቲስቶቹ ጋር ሕመሙ ያለባቸው ሰዎችም አሉ።

አንድ ጊዜ የቀረበልን ፕሮፖዛል ሁላችንንም አጓጓን። ለሌላ ሕመም ለዓመታት ሲታዘዝ የኖረ መድኃኒት ፓርኪንሰንን ያዘገይ እንደሆነ የሚሞክር ነው። የሳል መድኃኒቱ አምብሮክሶልም በዚሁ መንገድ እየተሞከረ ነው። እስካሁን ዋናው መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የምናውቀው ሌቮዶፓ ነው። እሱ ደግሞ ምልክቱን ያቀልላል እንጂ የነርቭ ሴሎቹን መሞት አያቆምም። የፓተንት (ለብቻ የማምረትና የመሸጥ መብት) ጊዜው ባለፈ መድኃኒት ላይ ኩባንያዎች ብዙም ገንዘብ አያፈሱም፤ ትርፉ የታለና። መንግሥት ወይም እንደኛ ያለ ተቋም ካልደገፈው ሐሳቡ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሳይንቲስቶቹ ከፍተኛ ነጥብ ሰጡት። ልናጸድቀው ስንል ሕመሙ ያለባቸው አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ።

«ከማታ ጀምሮ መድኃኒቴን ሳልወስድ፣ በጠዋት ክሊኒክ መገኘት አለብኝ ማለት ነው?»

ሰብሳቢው «አዎ» አሏቸው። ሌቮዶፓ የሕመሙን ትክክለኛ ደረጃ ስለሚሸፍን፣ ታካሚው ቢያንስ ለ12 ሰዓት ሳይወስድ ይመረመራል። በብዙ ሙከራዎች የተለመደ አሠራር ነው።

«እኔ በዚያ ሰዓት የሸሚዜን ቁልፍ እንኳ አልቆልፍም። እግሬ መሬቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ታዲያ ማን ያድርሰኝ? ባለቤቴ ከሥራ ቀርታ? በጀቱን አይቼዋለሁ፤ ለትራንስፖርት የተያዘ ነገር የለም።»

ገጾቹን ገለጥን። እውነታቸውን ነው። የባለሙያ ደመወዝ አለ፣ የላቦራቶሪ ዕቃ አለ። ለደም ናሙናው ማጓጓዣ ተይዟል፤ ደሙን ለሚሰጠው ሰው ግን አልተያዘም።

አንዱ ገምጋሚ «ይሄ ዝርዝር ጉዳይ ነው፤ ሥራው ሲጀመር ይስተካከላል» አለ። አዛውንቱ «ሲጀመርማ ሰው ታጣላችሁ» አሉት።

እኔም ከሳቸው ጋር ነበርኩ። ተሳታፊ ጠፍቶ የሚጓተት ሙከራ ብዙ ነው። በተጓተተ ቁጥር ደመወዝና ኪራይ ገንዘቡን ይበሉታል። የሚመጡት ደግሞ መኪና ያላቸው፣ የሚያደርሳቸው ሰው ያላቸው፣ ሕመሙ ገና ያልጠናባቸው ብቻ ይሆናሉ። መሀል ላይ የሚያቋርጡት ሲበዙ፣ መድኃኒቱን በወሰዱትና ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን) በወሰዱት መካከል ያለው ንጽጽር ይዳከማል። መጨረሻ ላይ «አልሠራም» ይባላል። መድኃኒቱ ነው ያልሠራው ወይስ ሙከራው? ያንን መለየት አይቻልም። ጥሩ መድኃኒት እንዲህ ተጥሎ ሊቀር ይችላል ብዬ ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ፕሮፖዛሉን አልጣልነውም። የታካሚውና የአስታማሚው ትራንስፖርት እንዲገባ፣ በቪዲዮ ወይም ቤት ድረስ በመሄድ ሊሠሩ የሚችሉ ቀጠሮዎችም እንዲለዩ ጻፍንላቸው። ጠቅላላ ወጪው ከፍ አለ። የፋይናንስ ክፍላችን አልወደደውም፤ ብዙ ተከራከርን። በስተመጨረሻ ገንዘቡ ተፈቀደ።

ከዚያ ወዲህ የማመልከቻ ቅጻችን ላይ ከበጀት ሰንጠረዡ በፊት አንድ ጥያቄ ገብቷል፦ «ተሳታፊው ከቤቱ እንዴት ይመጣል? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል?» አሁንም «በራሱ» ብለው የሚጽፉ አሉ። ለገምጋሚዎች ሳናሳልፍ እንመልስላቸዋለን።