ፊቷን ወደ ወንዙ ያዞረችው ጎሽ

ትናንት አመሻሽ ላይ በጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ፣ ሣር ላይ ተኝተው የሚያመሰኩ ጎሾችን ከሩቅ ስንመለከት፣ አብሮን የነበረው ስካውት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ሴቶቹን ብቻ እያቸው» አለኝ። አንዲት ትልቅ ሴት ጎሽ ቀስ ብላ ተነሳች፤ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቆመች፤ ከዚያም ተመልሳ ተኛች። ከጆሮዋ ሥር መዥገር የምትለቅም ቀይ ምንቃር ያላት ትንሽ ወፍ ነበረች፤ ጎሿ ስትነሳም ሆነ ስትተኛ ወፏ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ጥቂት ቆይቶ ሌላዋ፣ ቀጥሎም ሦስተኛዋ ተነስተው ወደዚያው አዩ። ፀሐይ ስትጠልቅ መንጋው በሙሉ፣ እስከ 800 ኪሎ ሊመዝኑ የሚችሉትን ኮርማዎች ጨምሮ፣ ያለ አንዳች ግፊያ ወደ ወንዙ ጉዞ ጀመረ።

በታንዛኒያ ማኛራ ሐይቅ ፓርክ ጎሾችን ለዓመታት ያጠኑ ተመራማሪም ይህንኑ መዝግበዋል፤ አቅጣጫውን የሚመርጡት አዋቂ ሴቶች ሲሆኑ፣ መንጋው የብዙዎቹን ምርጫ ተከትሎ ይሄዳል። እኔ ግን ጎሽን እስከ ትናንት የማውቀው በአዳኝ ፉከራ፣ በቁጣውና በቀንዱ ብቻ ነበር፤ ይህን ያህል መደማመጥ ይኖራቸዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከረጅሙ ሣር ጀርባ ከተሰወሩ በኋላም የኮቴያቸው ድምፅ ለረጅም ጊዜ ይሰማን ነበር።