ከወልድያ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ፦ ደህና ቦታ ስፈልግ የሆንኩት

«ወሎ ውስጥ የት ብኖር ደህና ነው?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ሁለት ጊዜ ተፈናቅዬ አንድ ቤት ገዝቼ ስለከሰርኩ አዋቂ መስዬአቸው ነው። እኔ ስመርጥ አንድ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

መጀመሪያ የመረጥኩት ጦርነቱን እያየሁ ነው። ነሐሴ 2013 ከወልድያ ስንወጣ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ «ደሴ አትያዝም» ያላለ የለም። አመንኩ። ቤት ተከራየሁ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አስገባሁ። ዩኒፎርማቸው ሳይቆሽሽ፣ ጥቅምት 2014 ላይ ደሴም ተያዘች። ያገኘነውን ይዘን አዲስ አበባ ገባን። ከዚያ ወዲህ «ይቺ ከተማ አትነካም» የሚለኝን ሰው በአንድ ጆሮዬ ነው የምሰማው።

ጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም ባለቤቴ «አሁንስ የራሳችን ጣሪያ» አለች። ሐይቅ ከተማን አየናት፣ ወደድናት፣ ለእኔ የሚሆን ሥራ ግን የለም። ኮምቦልቻን ሙቀትና ወባ አለ ብለን ተውናት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የወባ ትንኝ አታስቸግርም፣ ሆስፒታሉም ትምህርት ቤቱም ቅርብ ነው። ደሴ ሆነች። የመሸኛና የመታወቂያው ጣጣ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ፎቶ ኮፒ አብዝታችሁ ያዙ፣ በዚህ ላይ ሌላ ምክር የለኝም።

ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የካቲት ላይ አንድ ደላላ ጦሳ ተራራ ግርጌ ዳገት ላይ ያለ ቤት አሳየን። በረንዳው ላይ ሲቆሙ ከተማዋ እንዳለች ከእግር ሥር ናት፤ ፊት ለፊት አዝዋ ገደል። «እይታው ብቻ ገንዘቡን ያወጣል» አለ። ዋጋው ሜዳው ላይ ካሉት ቤቶች በግማሽ ያነሰ ነበር። ለምን እንደረከሰ አልጠየቅኩም። አንድ ኪሎ ቲማቲም ስገዛ እንኳ «ለምን ረከሰ?» ብዬ የማገላብጥ ሰው ነኝ እኮ።

ካርታው ንጹሕ ነው፣ ዕዳም እገዳም የለበትም። ለማንኛውም ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ባለሙያውን «መሬቱስ እንዴት ነው?» አልኩት። «ካርታ አለው አይደል? ካርታ ካለው ምን ችግር አለው?» አለኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። መስማት የፈለግኩትን ነው የነገረኝ።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ መባቻ ላይ የሳሎኑ በር አልዘጋ አለ። እርጥበት ነው፣ እንጨቱ አብጦ ነው አልኩ። ቀጥሎ መስኮቱ ሥር የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ አየሁ። ጎረቤታችን አንዲት እናት ቡና ጠሩኝና ነገሩን ሳጫውታቸው ሳቁ። የራሳቸውን በር አሳዩኝ፤ አናጢ ሦስት ጊዜ ልጎታል፣ ከታች በኩል ሁለት ጣት ጎድሏል። «አብሽር ልጄ፣ እዚህ ሰፈር ቤት ይሄዳል እንጂ አይወድቅም» አሉኝ። «ስገዛ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «መች ጠየቅከኝ?» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ስወጣ ከቤታቸው በላይ ያሉትን ባሕር ዛፎች አየሁ። አምስት ወር ያህል በሥራቸው ተመላልሻለሁ፣ አንድም ቀን ልብ አላልኳቸውም። ግንዳቸው ከሥር እንደ ከዘራ ጎበጥ ይልና ከዚያ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አፈሩ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ወደ ታች ይጎትታቸዋል፣ ዛፉ ደግሞ ፀሐይ ፍለጋ ይቃናል። አንድ ዛፍ ቢሆን አያስደነግጥም፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሲጎብጡ ግን ተዳፋቱ እየሄደ ነው።

ስንጥቁ ላይ ትንሽ ሲሚንቶ ለጥፌ ቀኑን በእርሳስ ጻፍኩበት፦ ሐምሌ 3። በሐምሌ 11 ጠዋት ሲሚንቶው ለሁለት ተከፍሏል። «ሐም» ወዲያ፣ «ሌ 3» ወዲህ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ስንት ጊዜ ተመላልሼ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ተላከልኝ። ዙሪያውን አየ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ «ድጋፍ ግንብ ሥራ» ብሎ ሄደ። ስለ ውሃው አንድ ቃል አልተናገረም። ባለቤቴ ወርቋን ሸጠች። ጥር ላይ እኔን የሚያህል ግንብ ቆመ። ሰው ሁሉ «አሁን ዳነ» አለ። ግንበኛው የውሃ መውጫ ቀዳዳ አልተወለትም፤ ከጀርባውም ጠጠር አልሞላም። እኔም አላወቅኩም። በ2016 ክረምት ከላይ ያለው ጎረቤት የቆረጠው አፈርና የመጸዳጃ ጉድጓዱ ፍሳሽ ከዝናቡ ጋር ሆኖ ግንቡ ጀርባ ተጠራቀመ። ግንቡ እንደ እርጉዝ ሆዱን ነፋ። የገዛ ወርቃችን ወደ ቤታችን እየገፋ መጣ ማለት ነው።

ያው ሐምሌ የጎፋ ዞኑ ናዳ ዜና ተሰማ። ከ200 በላይ ሰው አፈር በላው። ከመጀመሪያው ናዳ ሰው ሊያወጡ የሮጡት ናቸው በሁለተኛው የተቀበሩት። ማታ ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ የልጆቹን ልብስ ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረች። በሳምንቱ ኮምቦልቻ ቤት ተከራየን።

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ከፍታዋ ግን 1,850 ሜትር ገደማ ነው። የፈራነው ወባ አልቀረም፤ ትንሿ ልጄ መስከረም ላይ ታመመች። ምርመራውና መድኃኒቱ ቅርብ ስለሆነ ዳነች። አሁን አጎበር ሳንዘረጋ አንተኛም። ከቦርከና ዳርም ርቀን ነው የተከራየነው፣ ወንዙ በክረምት የሚሠራውን ስለሰማሁ። ጦርነት ተመልሶ ቢመጣ እዚህም አያልፈንም፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ያለውን የምታውቁት ነው።

ለሚጠይቀኝ የምለው እንግዲህ ይህ ነው። ሁሉም ሰው ቤት በበጋ ግዙ ይላል፣ ምርት ሲገባ፣ መንገዱ ሲደርቅ። እኔ በነሐሴ እዩት እላለሁ፤ ጫማችሁ ይጨቅይ። ካርታውን ከማየታችሁ በፊት የጎረቤት በር ክፈቱና ዝጉ። ዳገት ላይ ከሆናችሁና ገንዘብ ካላችሁ ከግንቡ በፊት ቦይ ላይ አውጡት፤ ውሃው አቅጣጫ ካልያዘ ግንብ ግድብ ነው። ይህን መሥሪያ ቤቱ አልነገረኝም፣ ጎረቤቶቼም «ግንብ ያስፈልጋል» ሲሉ ነው የኖሩት። ዋጋ ሲረክስ ደግሞ ለምን በሉ።

ቤቱ እስካሁን አልተሸጠም። ባለፈው ያው ደላላ ደወለልኝ፤ ከሳዑዲ የመጣች ገዢ አግኝቷል፣ እይታውን ወዳዋለች። «ከመክፈሏ በፊት የጎረቤቴን በር አሳያት፣ ግንቡንም ከጎን ትየው» አልኩት። «አንተ ሰውዬ ቤትህን መሸጥ ትፈልጋለህ አትፈልግም?» አለኝ። ቁጥሯን ስጠኝ፣ እኔው እነግራታለሁ አልኩት። ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም።