ጎንደርን «ያገኛት» ንጉሥ

ሰሞኑን አስጎብኚ ለመሆን የሚዘጋጁ ወጣቶች በእንግሊዝኛ የጻፏቸውን ገለጻዎች ሳነብና ሳርም አመሻለሁ። ገለጻዎቹ ሁሉም ማለት ይቻላል ከአንድ ዓረፍተ ነገር ይነሣሉ፤ ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ ከሚለው። ብዙዎቹ ታዲያ «ፋውንድድ» ማለት ሲገባቸው «ፋውንድ» ብለው ያልፋሉ። «ፋውንድ» ራሱን የቻለ ግሥ ሲሆን ቆረቆረ ወይም መሠረተ ማለት ነው፤ ኃላፊ ጊዜውም «ፋውንድድ» ይሆናል። ችግሩ ይኸው ቃል ያለ ምንም ለውጥ «ፋይንድ» ለሚለው ግሥም ኃላፊ ጊዜ ሆኖ ማገልገሉና ያን ጊዜ ትርጉሙ አገኘ መሆኑ ነው። እንግዳው በዚህ ገለጻ የሚረዳው ከተማዪቱ ቀድሞ የነበረች እንደሆነችና ንጉሡ ከጠፋችበት እንዳገኟት ነው። ይህን ሳስረዳ አንዱ ተማሪ «ጋሼ፣ ቦታውንስ አግኝተውት የለም እንዴ?» አለኝ። በአፈ ታሪኩ ንጉሡ ጎሽ ተከትለው ሲሄዱ ወደዚህ ስፍራ ደረሱ ስለሚባል፣ ልጁን ተሳስተሃል ለማለት አልደፈርሁም።

እንዲህ ላሉ ተመሳሳይ ግሦች የተለመደው መፍትሔ ጥንድ ጥንዱን ከነአማርኛ ፍቺው በሰንጠረዥ አስፍሮ ማስጠናት ነው። እኔ ይህን ዘዴ አልወደውም፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ራሱ የአማርኛው ፍቺ ነውና። «ሮብ» እና «ስቲል» የሚሉትን ግሦች እንውሰድ። በጥምቀት ዕለት በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ዙሪያ በግፊያው መካከል ስልኩ የተወሰደበት እንግዳ ቢያጋጥመው፣ ሰንጠረዡን በቃሉ የያዘ ልጅ ሰውየውን ሰረቁት ለማለት «ዘይ ስቶል ሂም» ይላል፤ በእንግሊዝኛ ግን ይህ ሰውየውን ራሱን ሰርቀው ወሰዱት ማለት ይሆናል። እኛ «ሰረቁኝ» ስንል የተሰረቀው ንብረታችን እንጂ እኛ አለመሆናችንን ማንም አይስተውም። በእንግሊዝኛ ከ«ስቲል» ቀጥሎ የሚመጣው የተወሰደው ዕቃ ሲሆን፣ ከ«ሮብ» ቀጥሎ የሚመጣው የተወሰደበት ሰው ወይም ቦታ ነው። ዋናው ልዩነት ያለው በድርጊቱ ላይ ሳይሆን ከግሡ ቀጥሎ በሚቆመው ስም ላይ ነው።

ባሰብሁበት ቁጥር ነገሩ የማስታወስ ችሎታ ማነስ ሳይሆን የቃላት አሰላለፍ ጉዳይ ሆኖ ይታየኛል። በአማርኛ ግሥ ማሰሪያ ነው፤ ማን፣ ምን፣ ለማን፣ የት የሚለው ሁሉ ተነግሮ ካለቀ በኋላ ይመጣል። ተናጋሪው ስሙን አስቀድሞ ስለጠራው ግሡን ለመምረጥ ጊዜ አለው፤ ባለቤቱንና ተሳቢውንም በዚያው በግሡ አካል ውስጥ ጠቅልሎ ያስገባቸዋል። በእንግሊዝኛ ግን ግሡ ከተሳቢው ቀድሞ ስለሚነገር፣ ገና ያልተጠራው ስም ምን እንደሆነ አስቀድሞ በልብ መያዝን ይጠይቃል። ልጆቹ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

«አለኝ» የምትለው አጭር ግሥ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። የተነገረው ሰው በመጨረሻዋ ፊደል ውስጥ ስላለ፣ ተማሪው ሳያመነታ «ሂ ሰይድ ሚ» ብሎ ይጽፋል፤ «ሴይ» ደግሞ ሰውን በቀጥታ አያስከትልም፣ ሰውን የሚያስከትለው «ቴል» ነው። «አስታወሰ» ከዚህ የባሰ ያሳስታል። በራሴ ልብ ያለውን ሳስታውስም፣ ለሌላ ሰው ሳስታውሰውም አማርኛ የሚጠቀመው አንዱን ግሥ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ የመጀመሪያውን «ሪሜምበር»፣ ሁለተኛውን «ሪማይንድ» ይለዋል። ስለ ነገው ቀጠሮ «አስታውሱኝ» ለማለት አስቦ «ሪሜምበር ሚ» ብሎ መልእክት የላከ ተማሪ፣ ተቀባዩን እንደ ስንብት ባለ ቃል አስደንግጦታል።

ስለ ኳስ ሲሆን ማስረዳት አይከብደኝም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንሣቱን የማያውቅ ተማሪ የለኝምና። ዋንጫው፣ ሊጉና ጨዋታው የ«ዊን» ናቸው፤ የተሸነፈው ቡድን ግን የ«ቢት» ነው። «አሸነፈ» ለሁለቱም ስለሚበቃ «ዊ ዋን ዘም» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው፤ ያሸነፉትን ቡድን እንደ ሽልማት ይዘው ወደ ቤት የገቡ ያስመስላቸዋል።

አማርኛ ሁልጊዜ ጠቅላይ፣ እንግሊዝኛም ሁልጊዜ ከፋፋይ ነው ማለት ግን አይደለም። «ቦሮው» እና «ሌንድ» ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ የሚለውን ብቻ ይለያሉ። እኛ ግን ገንዘብና እህል ስንበደር፣ ያው ራሱ የሚመለሰውን መጽሐፍ ወይም ምጣድ እንዋሳለን፤ ሰጪውም እንደ ነገሩ ዓይነት ያበድራል ወይም ያውሳል። አራት ግሦች አሉን፤ አቅጣጫውንም የምንለየው ከግሡ ፊት በምትቆም አንዲት ፊደል ነው። በኪራይ ጊዜማ እንግሊዝኛው ራሱ ይደናገራል። «አይ ሬንት ኤ ሃውስ» ያለ ሰው ተከራይ ይሁን አከራይ ከዐረፍተ ነገሩ አይታወቅም፤ ብሪታንያውያን ለአከራይ «ሌት» የሚል ሌላ ግሥ ቢኖራቸውም «ሬንት» ለሁለቱም ወገን ይነገራል። በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ቤት የሚፈልግ ሰው ይህን አሻሚነት በአማርኛ ቢያገኘው ኖሮ ክርክሩ ማለቂያ አይኖረውም ነበር።

ከሁሉም የሚያስቸግሩት «ላይ» እና «ሌይ» ናቸው፤ በእነዚህስ ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆኑትም ይሳሳታሉ። «ላይ» ተኛ፣ ተጋደመ፣ አንድ ስፍራ ተገኘ ማለት ሲሆን ተሳቢ የለውም፤ «ሌይ» አጋደመ፣ አኖረ ማለት ስለሆነ ያለ ተሳቢ አይቆምም። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው፤ የ«ላይ» ኃላፊ ጊዜ ተመልሶ «ሌይ» መሆኑ ግን ነገሩን ያደበላልቀዋል። ጎንደር ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ትገኛለች ለማለት የሚበቃው «ላይዝ» ሆኖ ሳለ፣ «ሌይስ» የሚል ጽሑፍ በእጄ እየገባ ነው፤ ያን ያነበበ እንግዳ ከተማዪቱ ምን እንደምታኖር ሊጠብቅ ነው።

ይህ ጥንድ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። በጥንቱ የእንግሊዝኛ ምንጭ ቋንቋ ውስጥ ከግሥ መጨረሻ የሚጨመር አስደራጊ ምዕላድ፣ ማለትም ድርጊቱን በሌላው ላይ ማስደረግን የሚያመለክት ቅጥያ ነበር፤ ምዕላዱ በዘመን ብዛት ሲጠፋ የአናባቢው ልዩነት ብቻ ቀረ። «ላይ» እና «ሌይ»፣ መቀመጥን የሚያመለክተው «ሲት» እና ማስቀመጥን የሚያመለክተው «ሴት»፣ ወደቀ የሚለው «ፎል» እና ዛፍ መጣልን የሚገልጸው «ፌል» የዚያ ሥርዓት ትራፊዎች ናቸው። ተነሣ ለሚለው «ራይዝ» አጣማጅ የሆነው «ሬይዝ» ደግሞ በዚያው መንገድ ተፈጥሮ ከስካንዲኔቪያውያን የገባ ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ «ተኛ» ብለን «አስተኛ» እንላለን፣ ሥርዓቱም እስከ ዛሬ በሕይወት አለ። ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣ፣ የግዕዝን ርባ ግሥ ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ተማሪ ይህን ክፍል ከሁሉም ፈጥኖ መረዳቱ አልገረመኝም። ይኸው ልጅ «ጋሼ፣ እኛም እኮ ሞተ ብለን ገደለ፣ ወደቀ ብለን ጣለ ነው የምንል» ሲል ደግሞ፣ ሥርዓታችን የተሟላ ነው እያልሁ ልመካበት የነበረውን ነገር አስተወኝ።

ስለዚህ ሰንጠረዡን ትቼ፣ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ስሙን እንዲጽፉና ግሡን ከዚያ በኋላ እንዲመርጡለት ማድረግ ጀምሬአለሁ። «ዋንጫ» ብለው ጽፈው ግሡን ይፈልጋሉ፣ «ከተማ» ብለው ጽፈው ይፈልጋሉ። አካሄዱ ቀርፋፋ ስለሆነ አንዳንዶቹ ያጉረመርማሉ፤ በአንደበታቸው ሲናገሩ ምን ያህል እንደሚጠቅማቸውም ገና እያየሁት ነው።

«ዱ» እና «ሜክ» ሲመጡ ይህም ዘዴ ብዙ አያስኬድም። የቤት ሥራ ይሠራል፣ ምግብ ይሠራል፣ ስሕተትም ይሠራል፤ እንግሊዝኛ ግን የቤት ሥራውን ለ«ዱ» ሰጥቶ ምግቡንና ስሕተቱን ለ«ሜክ» ይተዋል። የሚፈጠር አዲስ ነገር ካለ «ሜክ» ነው የሚባለው ደንብ ጥቂት መንገድ ያስኬድና ስልክ መደወል ላይ ሲደርስ፣ ውለታ መዋል ላይ ሲደርስ ይከዳል፤ የመጀመሪያው «ሜክ»ን፣ ሁለተኛው «ዱ»ን ይወስዳል። ምክንያቱን የጠየቁኝን እያንዳንዱን ስም ከነግሡ በቃላችሁ ያዙት ብዬ መለስኋቸው፤ ለነገም ከየገለጻዎቻቸው ውስጥ እነዚህ ሁለት ግሦች ያሉባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጥተው እንዲያመጡ አዝዣለሁ።