የሽያጭ ዕግድና የሚያዘው ገንዘብ፦ መጋዘናችንን ከሐራጅ ያስጣልንበት መንገድ

የምመራው አነስተኛ ኩባንያ በአውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የሚገኘውን መጋዘኑን አስይዞ ከአንድ የግል አበዳሪ የሥራ ማስኬጃ ብድር ወስዶ ነበር። የመክፈያው ጊዜ ሲያልፍ አበዳሪው በመሬት ማስተላለፍ ሕጉ (እ.ኤ.አ. 1958) አንቀጽ 76 መሠረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላከልን። በዚህ ሕግ መሠረት ውሉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር፣ ማስጠንቀቂያው ከደረሰ በኋላ ጉድለቱ በአንድ ወር ውስጥ ካልተስተካከለ አበዳሪው የፍርድ ቤት ፈቃድ መጠየቅ ሳያስፈልገው ንብረቱን መሸጥ ይችላል። ወሩ አለቀ፤ የሐራጁም ማስታወቂያ ወጣ።

ዕዳ መኖሩን አልካድንም፤ ያልተስማማነው በመጠኑ ነው። አበዳሪው 640 ሺህ ዶላር ጠየቀ፤ በእኛ ስሌት ዕዳው ከ548 ሺህ ዶላር አይበልጥም ነበር። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የላከልንን የሂሳብ መግለጫ መስመር በመስመር ከውሉ ጋር አመሳከርኩት። ውሉ ወለዱን 15 በመቶ ያደርግና በጊዜው ለሚከፍል ተበዳሪ ወደ 9 በመቶ ይቀንስለታል። ይህ አጻጻፍ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ተበዳሪው ሲያጠፋ የሚጨመር ወለድ እንደ ቅጣት ተቆጥሮ ሊሻር ሲችል፣ በጊዜው ለከፈለ የሚደረግ ቅናሽ ግን በፍርድ ቤቶች ዘንድ ተቀባይነት አለው። ስለዚህ 15 በመቶውን በራሱ አልተቃወምንም። የተቃወምነው ክፍያ ባላጓደልንባቸው ሁለት ወራት ጭምር 15 በመቶ መታሰቡን፣ እንዲሁም «የሂሳብ አስተዳደር» በሚል በየወሩ ከዋናው ገንዘብ ላይ እየተደመረ ወለድ ሲወልድ የቆየውን ክፍያ ነው። ይህ ሁለተኛው ክፍያ በውሉ ውስጥ ስሙ እንኳ አልተጠቀሰም።

ማስረጃው በእጄ ስለነበር ሽያጩን የሚያግድ ትእዛዝ በቀላሉ የሚሰጠን መስሎኝ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ጠበቃዋ ሰነዶቹን አይታ ከመጨረሷ በፊት፣ የምናስይዘው ገንዘብ እንዳለንና እንደሌለን ጠየቀችኝ። የጥያቄዋ መነሻ የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 በኢንግሊስና በኮመንዌልዝ ትሬዲንግ ባንክ መካከል በነበረው ክርክር ያጸናው ደንብ ነው። በዚያ ጉዳይ ተበዳሪዎቹ ባንኩ ካሳ ሊከፍለን ይገባል በማለት ሽያጩ እንዲታገድ ጠይቀው ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን አበዳሪ በውል ያገኘውን የመሸጥ ሥልጣን እንዳይጠቀምበት የሚታገደው፣ በአጠቃላይ አነጋገር፣ አለኝ የሚለው የዕዳ ገንዘብ ፍርድ ቤት ሲቀመጥ ብቻ ነው አለ፤ መጠኑ ገና ያልተወሰነ የካሳ ጥያቄም ለገንዘቡ ምትክ አይሆንም።

ደንቡ በመጀመሪያ እይታ ጨካኝ ይመስላል፤ ገንዘብ አጥቶ የተያዘን ሰው ገንዘብ አምጣ ማለት ነውና። ነገር ግን ከአበዳሪው ወገን ሆኖ ለሚያየው ምክንያት አለው። አበዳሪው ያበደረው ንብረቱን ተማምኖ ነው። ክርክሩ ሲጓተት ወለዱ ይከመራል፤ የንብረቱ ዋጋም ሊወርድ ይችላል። ገንዘቡ ፍርድ ቤት ከተቀመጠ ግን መያዣው ከመሬት ወደ ጥሬ ገንዘብ ይዛወራል፤ ከዚያ በኋላ ተከራካሪዎቹ የፈለጉትን ያህል ቢሟገቱ የሚጎዳ የለም። እኔም መንገዱ የተገለጠልኝ ጉዳዩን በዚህ ዓይን ማየት ስጀምር ነው።

ደንቡ የማይነካቸው ጉዳዮች አሉ። የመያዣ ውሉ ራሱ ተጭበርብሮ ወይም ተበዳሪው ተገዶ የተፈረመ ነው የሚል ክርክር፣ ማስጠንቀቂያው በሕግ አግባብ ስላልተሰጠ የመሸጥ ሥልጣኑ ገና አልተወለደም የሚል ክርክር፣ ወይም የተጠየቀው ገንዘብ ከፍ ማለቱ ከውሉ ገጽ ብቻ የሚነበብ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ሙሉውን ገንዘብ ላይጠይቅ ይችላል። የአስተዳደር ክፍያው ነገር ወደዚህ የመጨረሻው ይጠጋል ብዬ ተከራከርኩ። ጠበቃዋ ግን ክርክሩን እንደ ተጨማሪ እንጂ እንደ ዋና ምሰሶ ልትጠቀምበት አልፈለገችም፤ ዛሬም ልክ ነበረች እላለሁ።

ከባዱ ሥራ ገንዘቡን ማግኘት ነበር። ሊያበድረን ፈቃደኛ የሆነ ሌላ አበዳሪ ብናገኝም መጋዘኑን በአንደኛ ደረጃ መያዣነት ካላገኘ አንድ ዶላር እንደማያወጣ ነገረን። የፊተኛው አበዳሪ ደግሞ ያለውን ሁሉ ካልተቀበለ መያዣውን አይለቅም። ስለዚህ ለፍርድ ቤቱ ያቀረብነው ሐሳብ እንዲህ የሚል ነበር፦ አዲሱ አበዳሪ 668 ሺህ ዶላር ያውጣ፤ ከዚህ ውስጥ ያልካድነው 548 ሺህ ለፊተኛው አበዳሪ ወዲያው ይከፈል፤ አከራካሪው 92 ሺህ፣ ለወደፊት ወለድና ወጪ መሸፈኛ ከተጨመረ 28 ሺህ ጋር፣ ወለድ በሚያስገኝ ሂሳብ በሁለቱም ወገን ጠበቆች የጋራ ፊርማ ይያዝ፤ በምትኩ መያዣው በዕለቱ ይለቀቅ።

በቃለ መሃላዬ ላይ ስለ አበዳሪው ክፋት አንድም ቃል አልጻፍንም። ያያያዝነው ውሉን፣ የሂሳብ መግለጫውን፣ ከጎኑ የእኛን ስሌት፣ ልዩነቱን ገልጸን ቀደም ብለን የጻፍነውን ደብዳቤ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአዲሱን አበዳሪ የጸደቀ የብድር ደብዳቤ ነው። «ብድር በመጠየቅ ላይ ነን» የሚል ቃል ዳኛ ፊት ክብደት የለውም። ከዚህም ሌላ ዕግዱ አላግባብ ተሰጥቶ ከተገኘ ለአበዳሪው ለደረሰበት ጉዳት ካሳ እንደምንከፍል ግዴታ ገባን። ይህ ግዴታ ከሚያዘው ገንዘብ የተለየ ነው፤ ብዙ ሰው አንዱ ሌላውን የሚተካ ይመስለዋል።

ጊዜም ወሳኝ ነው። አበዳሪው ከገዢ ጋር የሽያጭ ውል ከተፈራረመ በኋላ ዕዳን ከፍሎ ንብረትን የማስመለስ መብት፣ በሽያጩ ላይ ተንኮል ካልተገኘ በቀር፣ ያከትማል። ማመልከቻችንን ከሐራጁ በፊት አስገብተን ለአበዳሪው ጠበቆች በዚያው ዕለት አደረስን። ሌላውን ወገን ሳያሰሙ ትእዛዝ መጠየቅም ይቻላል፤ ሆኖም ያን ጊዜ አመልካቹ የሚጎዳውን ፍሬ ነገር ሁሉ ሳይደብቅ የመናገር ግዴታ አለበት፤ እኛ ደግሞ የምንደብቀው ስላልነበረ መጥራቱን መረጥን።

በችሎት ዳኛዋ የብድር ደብዳቤውን አንብበው ወደ አበዳሪው ጠበቃ ዘወር አሉና «በዚህ አሠራር ደንበኛዎ የሚያጡት ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጠበቃው ለመመካከር ዕረፍት ጠየቀ፤ ሲመለስ ለወጪ የተያዘው በቂ አይደለም ከማለት በስተቀር ተቃውሞ አላቀረበም። ትእዛዙ በስምምነት ተጻፈ፤ ሐራጁም ተሰረዘ። ጠበቃዋ በትእዛዙ ውስጥ እንዲገባ የታገለችለት አንድ ነገር ነበር፦ አበዳሪው የቀረውን ሂሳብ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ክስ አቅርቦ ካላረጋገጠ የተያዘው ገንዘብ ለእኛ ይመለሳል የሚል። ይህ ባይኖር ገንዘቡ እዚያው ተቀምጦ ይቀር ነበር፤ ለመክሰስ የሚቸኩል አልነበረምና።

የጊዜ ገደቡ ሊያልቅ ሲቃረብ አበዳሪው ለድርድር ጠራን። የአስተዳደር ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ተወው፤ በሁለቱ ወራት ወለድና በሕግ ወጪው ላይ ተካፈልን። ከተያዘው ገንዘብ 31 ሺህ ዶላር ወደ እሱ ሄዶ የቀረው ከነወለዱ ለአዲሱ ብድር ቅነሳ ዋለ።