ዳይሱን የደበቅሁበት ምሽት

የድሮውን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ለመምራት ያሰበ ሰው ካለ፣ እኔን ማንም ያላስጠነቀቀኝን ነገር አስቀድሞ እንዲያውቅ ይህን ጽፌያለሁ። ጨዋታው ሰሌዳ አያስፈልገውም። መሪው ዓለሙን በቃል ይገልጻል፤ ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ያልተረጋገጠውን ነገር ደግሞ ዳይስ ይወስነዋል።

የምኖረው በሚኒሶታ፣ በሴንት ፖል ከተማ ነው። ዴቭ አርነሰን ብላክሙር የተባለውን ምናባዊ ዓለም ከ1971 ጀምሮ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወት የነበረው በዚሁ አካባቢ መሆኑን ያወቅሁት እዚህ ዘጠኝ ዓመት ከኖርኩ በኋላ ነበር። አርነሰንና ጋሪ ጋይጋክስ ጨዋታውን በ1974 አሳተሙት፤ የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። እኔ የተጠቀምኩት ግን ቶም ሞልድቬይ ያዘጋጀውንና በ1981 የወጣውን ባለ 64 ገጽ መጽሐፍ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አለ ብዬ አላምንም።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ዳይስ ገዛሁ፣ በካሬ ወረቀት ላይ ሠላሳ ክፍል ያለው ዋሻ ሣልኩ፣ ታናሽ ወንድሜን፣ የአክስቴን ልጅ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬንና ጋሼ የምንላቸውን ጡረተኛ ጎረቤታችንን ለቅዳሜ ማታ ጠራሁ።

ገጸ ባሕርይ የሚፈጠረው እንደ ጉልበትና የማሰብ ችሎታ ላሉት ስድስት ችሎታዎች ሦስት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ስድስት ጊዜ እየጣሉ ውጤቱን በወጣበት ቅደም ተከተል በመጻፍ ነው። ብዙዎች ተጫዋቹ ቁጥሮቹን እንዳሻው እንዲደለድል ይፈቅዳሉ፤ እኔ አልፈቅድም። የአክስቴ ልጅ ተዋጊ መሆን ፈልጋ ሳለ ጉልበቷ 7፣ የማሰብ ችሎታዋ 15 ሆኖ ወጣ፤ ስለዚህ አስማተኛ ሆነች። የሕይወት ነጥቧ 2 ብቻ ነበር፤ በቀን የምትችለውም አንድ አስማት ብቻ ነው። በአንድ የጩቤ ምት ልትሞት የምትችል ሴት ይዛ ዋሻ የምትገባ ተጫዋች ምን ያህል አስተዋይ እንደምትሆን ያየሁት በእርሷ ነው። በዚህ እትም ገጸ ባሕርይን ከደረጃ ወደ ደረጃ ከሚያሳድገው የልምድ ነጥብ አብዛኛው የሚገኘው ጭራቅ በመግደል አይደለም፤ ከዋሻው ይዘው በሚወጡት ሀብት ነው፤ አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ ነጥብ ይሰጣል። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ይደበቃል፣ ይደራደራል፣ ይሸሻል። አንድ ችቦ የሚቆየው አንድ ሰዓት ነው፤ ችቦ መቁጠር የተወ ቡድን ጨለማ ውስጥ ይቀራል። የድሮው ጨዋታ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ሰው የሚስበው፣ እንደ እኔ እምነት፣ በዚህ ምክንያት ነው፤ በሕይወት የተረፈ ሁሉ መትረፉ የራሱ ሥራ መሆኑን ያውቃል።

ያንን ያበላሸሁት እኔው ነኝ።

በአሥራ አንደኛው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ 2,310 ነጥብ ነበራት፤ ሁለተኛ ደረጃ ለመድረስ 2,500 ያስፈልጋል። ወደ አንድ ጠባብ ክፍል ሲገቡ ከጣሪያው ግዙፍ ሸረሪት ወረደባት። ንክሻው ከሁለቱ የሕይወት ነጥቦቿ አንዱን ብቻ ወሰደ፤ መርዙ ግን ቀረ። መርዙን ለመቋቋም ባለ 20 ገጹ ዳይስ 13 መድረስ አለበት፤ የዚህ ሸረሪት መርዝ ደካማ ስለሆነ በወጣው ላይ ሁለት ይጨመራል። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ዳይስ ሁሉ ከካርቶን መከለያ በስተጀርባ የምጥለው እኔ ነበርኩ። የወጣው 6 ነበር። ቀና ስል ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች። «13 ወጥቷል፤ ተርፈሻል» አልኳት። ሁሉም በደስታ ጮኹ።

ለራሴ ያቀረብኩት ምክንያት ርኅራኄ የሚል ነበር። የኋለኛው ዘመን ይፋዊ መመሪያም መሪው ከመከለያ ጀርባ የወጣውን ውጤት እንደ አስፈላጊነቱ መለወጥ እንደሚችል ይገልጻል፤ እኔም ተደግፌበታለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በማስታወሻዬ ላይ ድሩንና ወለሉ ላይ የተበተኑትን የአይጥ አጥንቶች ጽፌ ነበር፤ ሰዓቱ ስለመሸብኝ ክፍሉን ስገልጽ ሁለቱንም ዘለልኳቸው። ቀና ብለው እንዲያዩ የሚያደርግ አንዲት ቃል አልሰጠኋቸውም። ስለዚህ ያን ማታ የሸፈንኩት የእርሷን ሞት ሳይሆን የራሴን ቸልተኝነት ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሚቀጥሉት ሦስት ቅዳሜዎች ጨዋታው ላላ። በር ከመክፈታቸው በፊት ጆሮ ማስጠጋት ተዉ፤ ችቦ የሚቆጥር ጠፋ፤ ወንድሜ ያለ ምንም ፍተሻ ወደ ጨለማ ይሮጥ ጀመር። ማንም ምንም አልተናገረም፤ ነገር ግን እንደማልገድላቸው ሁሉም ገብቷቸው ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ሌሎቹ ሻይ ሊቀዱ ሲነሡ ጋሼ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ያን ማታ በእርግጥ ስንት ነበር የወጣው?» አሉኝ። «13 ነው፣ ጋሼ» ብዬ ሁለተኛ ጊዜ ዋሸሁ። እሳቸውም «እኛ ገበጣ ስንጫወት ጠጠሩን የምንቆጥረው በሰው ፊት ነበር» ብለው ዝም አሉ።

በማግስቱ ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ተቆጣች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ የሌለ ሰው ይዤ እንድጫወት አደረግኸኝ» አለችኝ። በዚያ መሀል ሁለተኛ ደረጃ ደርሳ፣ ለእናቷም ሳይቀር ነግራ ነበር። ዳይሱ እንደገና በፊቷ እንዲጣል ብጠይቃት አልፈለገችም፤ አስማተኛዋ በሸረሪቱ ክፍል እንደሞተች ራሷ ወሰነች። የእነዚያ አሥራ አንድ ቅዳሜዎች ድካም የእርሷ ነበር፤ እኔ ግን ሐሰት ቀላቀልኩበት።

ከዚያ ወዲህ መከለያውን ጣልኩት። ካርታውን በመጽሐፍ እሸፍናለሁ፤ ዳይስ ግን በገበታው መካከል ይወድቃል፤ ከመርዝና ከመሰል አደጋ ለመዳን የሚጣለውንም ዳይስ የገጸ ባሕርይው ባለቤት ራሱ ይጥላል። ጀማሪ መሪ መከለያ እንዲገዛ የሚመክሩ ብዙ ናቸው፤ እኔ ባይገዛ ይሻለዋል እላለሁ። ማስጠንቀቂያውን ግን አብዝቶ ይስጥ። ድሩን፣ አጥንቱን፣ ሽታውን፣ በግድግዳው ላይ ያለውን ጭረት ሳይሰስት ይግለጽ፤ ሳይጠየቅም ይናገር። ይህን ያደረገ መሪ ዳይሱ ሲወድቅ የሚደብቀው ነገር አይኖረውም።

የአክስቴ ልጅ አሁን የምትጫወተው በሌባ ነው፤ የሕይወት ነጥቧ 3 ነው። ለሁለተኛ ደረጃ 1,200 ያስፈልጋታል፤ 1,140 ደርሳለች። የአስማተኛዋን ወረቀት በአዲሱ ሥር አጥፋ ይዛዋለች፤ 2,500 የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዛ 2,310 ብላ ጽፋበታለች። ባለፈው ቅዳሜ ዋሻው ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ከመግባታቸው በፊት ችቦዎቹን ጮክ ብላ ቆጠረች።